የቡላ ድርሻ

እታለም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ካለችበት ኮረብታ ሥር ነው። እዚያ ቤት እናቷ ጥሩሐረግ አለች። አራት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ ምንዋጋው አለ። አባቷ ምንይሉ ድርቁ ከበረታ ወዲህ ሰቆጣ ሄዶ የቀን ሥራ ይሠራል። ከእነርሱ ሌላ ቡላ አለች። ቡላ አህያ ናት። አህያ ደግሞ ከቤተሰብ ትቆጠራለች ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ታሪኩን ልጨርስና ያን ጊዜ ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። የበልግ ዝናብም ሳይመጣ ቀረ። ከመንደሩ በታች ያለው ወንዝ ደርቆ አሸዋው ብቻ ታየ። ውሃ የሚገኘው ገደሉ ውስጥ ካለች አንዲት ምንጭ ነበር። ወደ እርሷ ሲወርዱ አንድ ሰዓት፣ ውሃ ጭነው ሲወጡ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ቤት በየሁለት ቀኑ ሁለት ጀሪካን ይቀዳል። ምንጩ ለሰው ብቻ ነው። ከብት ያለው ሰው ከቤቱ ውሃ ያካፍለዋል እንጂ ምንጩ ላይ አያጠጣም።

ሕጉን የሚያስከብሩት አያ ደግሰው ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። በውሃ ግን አይቀልዱም።

አሁን ጥሩሐረግ ውሃ እንዴት እንደምትይዝ ልንገራችሁ። ለመጠጥ የሚሆነው እንስራ ውስጥ ይገባና ይከደናል። ምስር ወይም ገብስ ሲታጠብ እጣቢው አይደፋም። ገበቴ ውስጥ ይጠራቀማል። እጅ የሚታጠቡትም ከገበቴው በላይ ነው። ማታ ሲሆን ገበቴው ለቡላ ይቀርባል። በደህናው ዓመት ቡላ የጠላ አተላ ታገኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ጠላ የጠመቀ ቤት የለም። ስለዚህ መጠጧ ይኸው እጣቢ ነው። እሱን ማቅረብ ደግሞ የእታለም ሥራ ነው።

ቡላ ጠጥታ ስትጨርስ የገበቴውን ታች በምላሷ ትልሰዋለች። ሻካራ ምላሷ እንጨቱ ላይ ሲሄድ ሽር ሽር ይላል። ምንዋጋው ይህን ድምፅ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እናንተ ቤትስ አንድ ጣሳ ውሃ ስንት ጊዜ ይሠራል? ዛሬ ቤት ስትገቡ ቁጠሩ።

የልደታ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ዲያቆን ዓለምነህ ናቸው። በታኅሣሥ ወር ለእያንዳንዱ ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ የወይራ ችግኝ ሰጡ። የግቢው ዛፍ እያረጀ ነው፣ የሚተካው እናንተ የምታሳድጉት ነው አሏቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«የመጠጥ ውሃ ማንም እንዳያመጣ። የተረፋችሁን ውሃ ብቻ በሃይላንድ ይዛችሁ ኑ። የግንቦት ልደታ ዕለት ችግኙ ከሁሉ ለምልሞ የተገኘ ልጅ ከበሮውን ይይዛል።»

እታለም ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ከበሮ መምታት ከምንም በላይ ትወዳለች። ቤት ውስጥ ባዶ ጀሪካን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትለማመዳለች። እናቷ ጀሪካኑን ትበሺዋለሽ እያለች ትቆጣታለች፣ ግን መዝሙሩን አብራ ታንጎራጉራለች።

መጀመሪያ እታለም የምትወስደው ፊቷን የታጠበችበትን ነበር። እሱ ደግሞ አንድ እፍኝ አይሞላም። ትንሣኤ የምትባል ትንሽ ልጅ ከእርሷም የባሰች ነበረች። በየእሑዱ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ትመጣና «እኛ ቤት አልተረፈም» ትላለች። ልጆቹ ይስቁባታል። ሰላማዊት ግን ሁልጊዜ ሙሉ ሃይላንድ ታመጣለች። ችግኟም አረንጓዴ ነው።

ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ሰላማዊት የእታለምን ችግኝ አየችው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

«እታለም፣ ያንቺ ችግኝ አሁንም ጾም ላይ ነው እንዴ? ፋሲካ አልፏል በይው እንጂ» አለቻት።

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እታለምም አብራ ሳቀች። ቤቷ እስክትገባ ግን የሰላማዊት ቃል ከጆሮዋ አልጠፋም።

ማታ ገበቴውን አንሥታ ወደ ቡላ ስትሄድ መንገድ ላይ ቆመች። እንዲህ ብላ አሰበች፦ ይህ እጣቢ ነው። መምህር የተረፈ ውሃ አምጡ ብለዋል። እጣቢ የተረፈ ነው። ደግሞስ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለራሴ አልወሰድኩት። ከዚያ ግማሹን በሃይላንድ ቀድታ ኮረብታውን ወጣች።

አያችሁ ልጆች፣ ጥፋት ሁልጊዜ በክፉ ፊት አትመጣም። አንዳንዴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ መስላ ትመጣለች።

እታለም ስትመለስ እናቷ ቡላን አጠጥታት እንደሆነ ጠየቀቻት። አዎ አለች። ግማሹን አጠጥታ ስለነበር ነገሩ ሙሉ ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። በሦስተኛው ቀን ከግማሽ ትንሽ አለፈች። ሳምንት ሲሞላ ለቡላ የሚቀርበው የገበቴው ታች ብቻ ነበር። ቡላ ከጨረሰች በኋላም ብዙ ጊዜ እንጨቱን ትልሳለች። ሽር ሽር ይላል። እታለም ፊቷን ታዞራለች።

ችግኙ ግን አራት አዲስ ቅጠል አወጣ። ዲያቆን ዓለምነህ ጎንበስ ብለው አዩትና እታለምን አመሰገኗት። ሰላማዊት ምንም አላለችም። ያ ለእታለም ከምስጋናው በላይ ጣፈጣት።

ቡላ ገለባ መተው ጀመረች። የተጠማ እንስሳ ደረቅ ነገር መዋጥ አይችልም። ጥሩሐረግ ግን ውሃዋን የምታገኝ ስለመሰላት ሌላ ነገር አሰበች። ማዶ ባለው መንደር ሁለት አህዮች በበሽታ ሞተዋል። የቡላን ሆድ ዳሰሰች፣ ጆሮዋን ነካች፣ ጭንቀት ያዛት። ያለ ቡላ ውሃ ከገደል የሚያወጣላት የለም። እርሷ ምንዋጋውን ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማታል።

የውሃ ተራቸው ደረሰ። ጥሩሐረግ ምንዋጋውን ጎረቤት ትታ ከእታለም ጋር ቡላን ይዛ ወረደች። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ሴቶች በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን ይሞላሉ። ከጀሪካኑ አፍ ዙሪያ የሚፈሰው ውሃ መሬቱን ጭቃ አድርጎታል። ቡላ አፍንጫዋን ወደዚያ ጭቃ አስገብታ መላስ ጀመረች።

አያ ደግሰው ይህን አዩ። ተነሥተው መጡና የቡላን አንገት ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ለቀቁት። ቆዳው ወዲያው አልተመለሰም። እንደ ተጨማደደ ቆየ።

«እታለም፣ ይህች አህያ ውሃ ታገኛለች?» አሏት። እናቷ ዘወር ብላ ጀሪካን ስትሞላ ነበርና አልሰማችም።

«ማታ ማታ ታገኛለች፣ አያ» አለች እታለም። እያየች የነበረው ጭቃውን ነው።

አያ ደግሰው ቆዳውን እንደገና አዩት። ከዚያ ለአንዷ ብሰጥ ነገ አርባ አህያ ይመጣብኛል ብለው እያዘኑ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ልጆች፣ እታለም ያን ጊዜ እውነቱን ብትናገር ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። አልተናገረችም።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቡላ ቆመች። ጥሩሐረግ በቀስታ ገፋቻት። ቡላ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ የፊት ጉልበቷ ታጠፈና ወደ ግራ ወደቀች። በዚያ በኩል ያለው ጀሪካን ድንጋይ ላይ ተመትቶ ክዳኑ ተፈናጠረ። እናትና ልጅ ገመዱን ፈትተው ቀና እስኪያደርጉት ውሃው አለቀ። አቧራው ሲጠጣው ድምፅ እንኳ አላሰማም።

በቀኝ የተጫነው ጀሪካን ብቻ ተረፈ።

ጥሩሐረግ ቡላን በጅራቷም በአንገቷም ሞከረቻት። አልተነሣችም። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። ጥሩሐረግ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። «ገለባ ስትተው እያየሁ ጫንኳት። የማዶው መንደር በሽታ ይኸው ነው።»

ጥቂት ቆይታ ተነሣች። ጀሪካኑን ጀርባዋ ላይ ለማዘል ገመድ አበጀች። እታለም ቡላስ ምን ትሆናለች ብላ ጠየቀች።

እናቷ ወደ ቡላ ሳታይ መለሰች። «ቡላማ አልቆላታል። ለሁለት ቀን ያለን ይህ አንድ ጀሪካን ነው። ለምትሞት አህያ የልጆቼን ውሃ አላፈስም።»

እታለም እናቷን አየች። ቡላን አየች። ዝም ካለች ማንም አያውቅባትም። ከበሮውም የእርሷ ይሆናል። እናቷ በሽታ ነው ብላለች፣ ሰዉም በሽታ ነው ይላል። ግን ዝም ካለች ቡላ እዚያው ዳገት ላይ ትቀራለች። በሽታ አለመሆኑን በዓለም ላይ የምታውቅ ሰው አንድ እርሷ ብቻ ናት። እርሷና እግዚአብሔር።

«እማ» አለች። ድምፅዋ በጣም ትንሽ ነበር። «አልታመመችም። ጠምቷት ነው። ውሃዋን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ለችግኜ።»

ጥሩሐረግ ገመዱን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር ተናገረች። እነ እታለም ቤት ትልቅ ቁጣም ጸሎትም የሚነገረው በኽምጣንጋ ነው። የቱ እንደነበር እኔ አልነግራችሁም። እታለም ግን ሁለቱም ይመስለኛል ትላለች።

«ጣሳውን አምጪ» አለች እናቷ።

እታለም የቡላን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። እናቷ በመጀመሪያ ከንፈሯን ብቻ አራሰችላት። አንድ ጊዜ ብዙ ብትጠጣ ሆዷን ይነፋታልና ትንሽ ትንሽ አድርጋ አፍዋ ውስጥ አንጠባጠበች። ጸሐይ ስለበረታ ነጠላዋን አውልቃ ጥላ አደረገችላት። ከዚያ ጠበቁ። እታለም በልቧ ጸለየች። ጌታ ሆይ፣ ከበሮውን አልፈልግም፣ ቡላ ትነሣ አለች። ሌላ የምታውቀው ቃል አልመጣላትም።

ሦስተኛው ጣሳ ላይ የቡላ ጆሮ ተንቀሳቀሰ። አምስተኛው ላይ ራሷን ቀና አድርጋ ራሷ ጠጣች። ጣሳው ባዶ ሲሆን ታቹን ላሰችው። ጣሳው ቆርቆሮ ስለሆነ ሽር ሽር አላለም፣ ቻር ቻር አለ። እታለም እየሳቀች አለቀሰች።

ቡላ የተነሣችው ጸሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው። ምንም አልጫኑባትም። የቀረውን ውሃ እናትና ልጅ እየተቀባበሉ ተሸክመው ገቡ። ጥሩሐረግ መንገዱን ሁሉ ወገቧን እየያዘች ነው የወጣችው። እታለም ይህን ከኋላ ሆና አየች።

ያን ሁለት ቀን ቤቱ ውስጥ ወጥ አልተሠራም። ቆሎ ብቻ በሉ። እታለም የራሷን የመጠጥ ውሃ ለምንዋጋው ልትሰጥ ብትል እናቷ አልፈቀደችም።

«አንቺም መጠጣት አለብሽ። ተጠምተሽ ምን ይጠቅመኛል?» አለቻት። «ለአያ ደግሰው ዋሽተሻል። መምህርሽንም አታለሻል። በእግርሽ ሄደሽ ለሁለቱም ትነግሪያለሽ።»

እታለም መጀመሪያ ወደ ምንጩ ወረደች። አያ ደግሰው እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ «የቡላ አንገት አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እኔ የምጠብቀው ያንቺን አንገት ነበር፣ አሁን ቀና አለ» አሏት።

እሑድ በልጆቹ ሁሉ ፊት ቆመች። ብዙ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች። ቢሆንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። አንድም ልጅ አልሳቀም።

ዲያቆን ዓለምነህ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ጥፋቱ የእርሳቸውም እንደሆነ ተናገሩ። በዚህ ድርቅ የተረፋችሁን አምጡ ያልኩት ሳላስብ ነው አሉ። ቀጥለውም ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ወደዚህ ያመጣችሁት ውሃ የማን ነበር?»

በመጨረሻ ሰላማዊት ተናገረች። ዓይኗ እግሯ ላይ ነበር።

«የእኛ እጣቢ የአያቴ ዶሮዎች መጠጥ ነበር። ሁለቱ ሞተዋል። የዶሮ በሽታ፣ ፈንግል ነው ብዬ ነበር።»

አንዱ የጥጃ ነበር አለ። ሌላዋ የጎመን መደብ ነበር አለች። ትንሣኤ ብቻ የምትናገረው አልነበራትም። ሃይላንዷ ሁልጊዜ ባዶ ነበራ።

ያን ጊዜ እታለም እጇን አወጣች። «መምህር፣ ባለቤት የሌለው ውሃ አንድ ቦታ አይቻለሁ። ምንጩ ጋ፣ ስንቀዳ የሚፈሰው። ቡላ የላሰችው ጭቃ እሱ ነው።»

በማግስቱ ልጆቹ ከዲያቆን ዓለምነህ ጋር ወደ ምንጩ ወረዱ። አሮጌ ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጠው የላይኛውን ግማሽ እንደ ማጥለያ ጀሪካኑ አፍ ላይ ደፉት። ከሥሩ ደግሞ ሳፋ አስቀመጡ። አያ ደግሰው ድንጋያቸው ላይ ሆነው ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው እያሉ ይስቁ ነበር። በማጥለያው የተነሣ ውሃ መሬት ላይ መፍሰሱን ተወ። ያንጠባጠበውን ደግሞ ሳፋው ያዘው። ማታ ሲለካ አንድ ጀሪካን ሞልቶ ተረፈ። አያ ደግሰው ሳቃቸውን ተዉ።

«ይህን ያህል ውሃ በየቀኑ በጫማዬ ስረግጥ ኖሬአለሁ» አሉ።

የመንደሩ ሰው ተመካክሮ ወሰነ። ከሳፋው ግማሹን ጭነት የሚያወጡ አህዮች ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት ይጠጣሉ። ግማሹ ለችግኞቹ ይሆናል። አያ ደግሰው እንግዲህ አህዮቹ ከእኔ በፊት ቁርስ ሊያገኙ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ግን አንዲት አህያ ሳትጠጣ እንድታልፍ አይፈቅዱም።

የግንቦት ልደታ ደረሰ። ከአሥራ ሰባቱ ችግኞች አሥራ ሦስቱ ለምልመው ነበር። ከሁሉ የለመለመው የእታለም ሆነ። ዲያቆን ዓለምነህ ሕግ ሕግ ነውና ከበሮውን አምጥተው ሰጧት። እታለም ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ስንት ቀን በጀሪካን የተለማመደችለት ከበሮ ነው። ከዚያ ማንገቻውን አንሥታ በትንሣኤ አንገት ላይ አጠለቀችው። የትንሣኤ ችግኝ ከሞቱት አራቱ አንዱ ነበር።

«የእኔ ቅጠል የቡላ ነው። ይህች ግን የማንንም አልወሰደችም» አለች።

ከበሮው ከትንሣኤ ሰውነት ይበልጥ ነበር። አመታቷም ልክ አልነበረም። እታለም ግን በጭብጨባ ልኩን ትሰጣት ነበርና መዝሙሩ አልተበላሸም።

ከመዝሙሩ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እንደ ልማዱ ንፍሮ ቀቀለ። ከየቤቱ ስንዴና ባቄላ መጥቶ ታጠበ። ሰላማዊት እጣቢውን ከሁሉ ሰብስባ በትልቅ ገበቴ ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ውሃው እንዳይፈስባት ቀስ ብላ ትራመዳለች።

«የቡላ ነው» አለች።

ቡላ ጠጣች። ስትጨርስ የገበቴውን ታች ላሰችው። ሽር ሽር አለ። ምንዋጋው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እታለም በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም።

እንግዲህ ልጆች፣ ውሃ መቆጠብ ማለት ለሁሉም ድርሻውን ማድረስ ነውና፣ ተረፈ ብላችሁ ከማንሣታችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ።